ከሂግስ ወዲህ አዲስ ቅንጣት የጠፋው ለምንድን ነው?

ቴሌግራም ላይ በየጥቂት ወሩ አንድ ዜና ይዞራል። «ሳይንቲስቶች አዲስ ቅንጣት አገኙ!» «የፊዚክስ ሕግ ተሰበረ!» ፎቶው ሁሌም ያው ነው፤ ግዙፍ ክብ ማሽን፣ ፊት ለፊቱ የሥራ ቆብ ያጠለቀ አንድ ትንሽ ሰው። ዜናው ሼር ይደረጋል፣ ሁለት ቀን ይወራለታል፣ ከዚያ ድምፁ ይጠፋል። የዚህ ተቃራኒ ወሬም አለ። «ያን ሁሉ ቢሊዮን አፍስሰው ከሂግስ ወዲህ ጠብ ያለ ነገር የለም» የሚል (ሂግስ ለሌሎች መሠረታዊ ቅንጣቶች ክብደት ከሚሰጠው መስክ ጋር የተያያዘ ቅንጣት ነው)። አራት ኪሎ፣ ሳይንስ ፋካልቲ አካባቢ ካሉት ካፌዎች በአንዱ ከፊዚክስ ተማሪዎች ጎን ብትቀመጡ አንድ ማኪያቶ ጠጥታችሁ ሳትጨርሱ ሁለቱንም ትሰማላችሁ።

እኔ ሁለቱንም አልቀበልም። ሂግስ ከተገኘበት ከ2012 ወዲህ (እዚህ ያሉት ዓመቶችና ወሮች በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) ሰርን የተባለው የአውሮፓ የቅንጣት ፊዚክስ ማዕከል ሰዎች እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። አንድ በአንድ እየፈለጉ «እዚህ የለም» እያሉ ሲዘጉ ነው የቆዩት። ያ «የለም» ቁጥር አለው፣ ወሰን አለው፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ለፍተውበታል። «የለም» የሚባለው በምን ሂሳብ እንደሆነ ካልገባን ደግሞ «ተገኘ» ሲባል የቱን ማመን እንዳለብን አናውቅም። የሰርን ማሽን በ2026 አጋማሽ ለዓመታት እንዲቆም ስለታቀደ፣ እስካሁን የተገኘውንም የታጣውንም ቁጭ ብሎ ለማየት ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም።

መጀመሪያ ማሽኑ። ላርጅ ሃድሮን ኮላይደር ይባላል፣ በአጭሩ ኤልኤችሲ። ጄኔቫ አጠገብ፣ በስዊዘርላንድና በፈረንሳይ ድንበር ላይ፣ ከመሬት በታች 100 ሜትር ገደማ የተቆፈረ የ27 ኪሎ ሜትር ክብ ዋሻ ነው። መጠኑ እንዲታያችሁ እዚሁ ከተማችን ላይ አስቀምጡት፤ አንዱ ጠርዝ አራት ኪሎ ሐውልቱ ጋ ቢሆን ሌላኛው ጠርዝ ቦሌ ኤርፖርትን አልፎ ነው የሚያርፈው። ዋሻው ውስጥ ሁለት የፕሮቶን ጨረሮች በተቃራኒ አቅጣጫ ይሮጣሉ፤ ከብርሃን ፍጥነት የሚያንሱት በጥቂቱ ነው። መንገዳቸውን አጥፈው ክቡ ላይ የሚያቆዩዋቸው 1,232 ትልልቅ ማግኔቶች ናቸው። ማግኔቶቹ በሂሊየም ከዜሮ በታች 271 ዲግሪ ድረስ ካልቀዘቀዙ አይሠሩም። ጨረሮቹ አራት ቦታ ላይ ይጋጫሉ፤ በየቦታው ግጭቱን የሚመዘግብ ዲቴክተር አለ። ትልልቆቹ ሁለቱ አትላስ እና ሲኤምኤስ ይባላሉ። አትላስ 46 ሜትር ይረዝማል። ሲኤምኤስ ቁመቱ አጠር ይላል እንጂ 14,000 ቶን ይመዝናል።

ከ2022 ጀምሮ የግጭቱ ጉልበት 13.6 ቴራ ኤሌክትሮን ቮልት ነው (ኤሌክትሮን ቮልት የቅንጣቶች ጉልበትም ክብደትም የሚለካበት ነው፤ አንድ ቴራ 1,000 ጊጋ ነው)። እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ፕሮቶን ድፍን አይደለም። ውስጡ ኳርኮችና ግሉዎኖች የሚባሉ ቅንጣቶች አሉ፤ የፕሮቶኑን ጉልበት ተካፍለው ነው የሚሮጡት። ሁለት ፕሮቶኖች ተጋጩ ሲባል አብዛኛውን ጊዜ የሚላተሙት ከዚህኛው አንድ ኳርክ ወይም ግሉዎን፣ ከዚያኛውም እንደዚያው ናቸው። ስለዚህ አዲስ ነገር ለመፍጠር የሚውለው ጉልበት ከ13.6ቱ ጥቂቱ ነው። በጣም ከባድ ቅንጣት እንዲፈጠር ከሁለቱም ወገን ትልቅ ድርሻ የያዙት መገናኘት አለባቸው፣ እሱ ደግሞ እምብዛም አይገጥምም። «ማሽኑ እስከ 13 ቴራ ድረስ ፈልጎ አጣ» የሚል ጽሑፍ ካያችሁ ጸሐፊው ይሄን አልፎታል ማለት ነው።

እሺ፣ ገጠመና አንድ ከባድ ቅንጣት ተፈጠረ እንበል። አይቆይም። የሂግስ ቦዞን ዕድሜ ከሰከንድ ቢሊዮን ቢሊዮንኛ እንኳ በሺዎች እጥፍ ያጥራል። ዲቴክተሩ ጋ ሳይደርስ ገና እዚያው የተፈጠረበት ቦታ ላይ ይፈርሳል። ስለዚህ ሂግስን በቀጥታ ያየ ዲቴክተር የለም። የሚታዩት የሱ ፍርስራሾች ናቸው፦ ፎቶኖች (የብርሃን ቅንጣቶች)፣ ኤሌክትሮኖች፣ ሙዮኖች (የኤሌክትሮን ከባድ ዘመዶች)፣ በአንድ አቅጣጫ ተሰብስበው የሚረጩ የቅንጣት ጎርፎች። ሥራው ከፍርስራሹ ተነስቶ ወላጁን ማወቅ ነው።

ይሄን ነገር ቀረብ ብለን እንየው፣ ምክንያቱም የሁሉም «ተገኘ» እና «አልተገኘም» ወሬ ምንጩ እዚህ ነው።

ሂግስ አንዳንዴ ወደ ሁለት ፎቶን ይፈርሳል። አንዳንዴ ያልኩት ከ1,000 ሂግስ በሁለቱ ገደማ ብቻ ስለሚሆን ነው። ሲኤምኤስ ውስጥ ለዚህ የተዘጋጁ ወደ 76,000 የሚጠጉ ክሪስታሎች አሉ፤ ከእርሳስና ከተንግስተን የተሠሩ፣ ብርሃን የሚያሳልፉ፣ ግን ከብረት የሚከብዱ። ፎቶኑ ክሪስታሉ ውስጥ ገብቶ ሲቆም ክሪስታሉ ብልጭ ይላል፤ የብልጭታው መጠን የፎቶኑን ጉልበት ይናገራል። የሁለቱን ፎቶኖች ጉልበትና በመካከላቸው ያለውን ማዕዘን ካወቃችሁ በቀላል ቀመር የወላጃቸውን ክብደት ታወጣላችሁ። ከዚያ ግራፍ ላይ አንድ ነጥብ ትጨምራላችሁ። እንደገና ሌላ ግጭት፣ ሌላ ሁለት ፎቶን፣ ሌላ ነጥብ። ይሄ ሚሊዮን ጊዜ ሲደጋገም አንድ ቅርጽ ይወጣል፤ ከግራ ከፍ ብሎ የሚጀምር፣ ወደ ቀኝ ክብደቱ እየጨመረ ሲሄድ እየወረደ የሚሄድ ልሙጥ መስመር። ይህ መስመር ምንም አዲስ ነገር የለበትም። ፕሮቶኖች ሲጋጩ በታወቀው ፊዚክስ ብቻ ሁለት ፎቶን የሚወጣባቸው መንገዶች ብዙ ናቸው።

አዲስ ቅንጣት ካለ ግን አንድ ቦታ ላይ መስመሩ ያብጣል። የሱ ልጆች የሆኑ ፎቶኖች በሙሉ አንድ ክብደት አካባቢ ስለሚከማቹ ጉብታ ይወጣል። በ2012 ጉብታው 125 ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት አካባቢ ወጣ። ሐምሌ ወር ገና በአራተኛው ቀን አትላስና ሲኤምኤስ ጎን ለጎን ውጤታቸውን አቀረቡ፤ ለየብቻ ሠርተው አንድ ቦታ ላይ ተገናኙ። ፒተር ሂግስ፣ ፍራንስዋ ኦንግሌር እና ሮበርት ብሩ በ1964 በወረቀት ላይ የጻፉት ነገር ከ48 ዓመት በኋላ ተገኘ። በዓመቱ ሂግስና ኦንግሌር ኖቤል ተሸለሙ፤ ብሩ ቀድሞ አርፎ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ የሞቱ ጉብታዎች ታሪክ ነው። ከሁሉም ደግሞ እኔን የሚስበኝ በታኅሣሥ 2015 የወጣው ነው። ማሽኑ ገና ጉልበቱ ወደ 13 ቴራ ከፍ ብሎ የመጀመሪያው ዓመት ነበር። አትላስ የሁለት ፎቶን ግራፉ ላይ 750 ጊጋ አካባቢ ጉብታ እንዳየ ተናገረ። ሲኤምኤስም እዚያው አካባቢ ደከም ያለ ጉብታ አለኝ አለ። ዓለም ላይ ያሉ የንድፈ ሐሳብ ሰዎች እንቅልፍ አጡ። በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ 500 የሚጠጉ ጽሑፎች ስለዚህ ጉብታ ተጻፉ። የሂግስ ከባድ ወንድም ነው ያለ አለ፣ ከጨለማ ቁስ ጋር የተያያዘ ነው ያለ አለ። በሂግስ ክብደት ስድስት እጥፍ ላይ እንደዚህ ያለ ነገር ይኖራል ብሎ የጠበቀ ስላልነበረ ሁሉም ማብራሪያውን ከአዲስ መሥራት ነበረበት። በነሐሴ 2016 ቺካጎ ላይ በተደረገው ጉባኤ ሁለቱም ቡድኖች ከቀድሞው ብዙ እጥፍ የሚሆን መረጃ ይዘው መጡ። ጉብታው የለም። መስመሩ ልሙጥ ነው። በቃ።

ማንም አላጭበረበረም፣ ማሽኑም አልተበላሸም። ታዲያ ምን ነበር? ዕድል ነበር። እዚህ ላይ ሲግማ የሚባለውን መለኪያ ማወቅ ያስፈልጋል። ሲግማ የሚመልሰው ጥያቄ ይሄ ነው፦ አዲስ ቅንጣት ባይኖር ኖሮ፣ በአጋጣሚ ብቻ ይህን የሚያህል ጉብታ የመውጣት ዕድሉ ስንት ነው? ሦስት ሲግማ ከሆነ ከ740 አንድ ገደማ ነው። አምስት ሲግማ ከሆነ ከ3.5 ሚሊዮን አንድ ገደማ። የቅንጣት ፊዚክስ ሰዎች «አገኘን» የሚሉት አምስት ላይ ሲደርሱ ነው። ከ740 አንድ ለብዙ ሥራ ከበቂ በላይ ነው፣ ለምን ይሄን ያህል ይጨናነቃሉ? ሎተሪ አስቡ። ፒያሳ ላይ አንድ ሰው ዕጣ ወጣለት ቢባል ማንም አይገረምም፤ ቲኬት የቆረጠው ሰው ስለበዛ ለአንዱ መውጣቱ አይቀርም። እነዚህም ሰዎች አንድ ግራፍ ላይ አንድ ቦታ ብቻ አይደለም የሚያዩት። በመቶዎች የሚቆጠሩ ግራፎች፣ በእያንዳንዱ ላይ ብዙ ቦታ ያያሉ። አንዱ ቦታ ላይ ከ740 አንድ የሆነ ነገር ባይወጣ ነበር የሚገርመው። የ750ው ጉብታ አትላስ ላይ ብቻውን ሲታይ 3.6 ሲግማ አካባቢ ነበር። «ሌላ ቦታም ሊወጣ ይችል ነበር» የሚለው ሲታሰብ ወደ ሁለት ወረደ። ይህ ቁጥር ገና ከመጀመሪያው ቀን ተጽፎ ነበር። ደስታው ነው ያስረሳው።

ስለዚህ ቀጥሎ ዜና ስታዩ ሁለት ነገር ፈልጉ። ስንት ሲግማ? ሁለተኛው ቡድንስ አይቶታል? ዜናው ሁለቱንም ካልጻፈ ዝም ብላችሁ እለፉት።

ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ ልበላቸው። በመጋቢት 2021 ኤልኤችሲቢ የተባለው ዲቴክተር ቢ የተባለው ኳርክ ሲፈርስ ኤሌክትሮንና ሙዮንን በእኩል አያይም የሚል 3.1 ሲግማ ውጤት አወጣ፤ በታኅሣሥ 2022 የራሱ ቡድን እንደገና አጥርቶ ሲያየው ልዩነቱ ጠፋ፤ ኤሌክትሮን መስለው የገቡ ሌሎች ቅንጣቶች በደንብ አልተቆጠሩም ነበር። በሚያዝያ 2022 አሜሪካ ፌርሚላብ ያለው የሲዲኤፍ ቡድን ደካማውን የኑክሌር ኃይል የሚያደርሰው የደብልዩ ቦዞን ክብደት ከተጠበቀው ይበልጣል አለ፤ በ2024 ሲኤምኤስ ተመሳሳይ በሚባል ጥራት ለክቶ ንድፈ ሐሳቡ የሚለውን ቁጥር አገኘ። ለምን ሁለቱ እንደተለያዩ እስካሁን አጥጋቢ መልስ የለም። በነዚህ ሁሉ ውስጥ የማከብረው አንድ ነገር አለ። ጉብታውን የገደሉት ተቺዎች ሳይሆኑ ብዙ ጊዜ ራሳቸው ያወጡት ሰዎች ናቸው። ዋናውን ቦታ ሸፍነው ነው የሚሠሩት፤ የመረጣው ደንብና ሂሳቡ በሙሉ ካለቀና ከተቆለፈ በኋላ ነው ግራፉ የሚከፈተው። መልሱን አይቶ ዘዴውን ማስተካከል እንዳይኖር። ለዓመታት የለፋበትን ግኝት በገዛ እጁ የሚሰርዝ ሰው ብዙ ሙያ ውስጥ አታገኙም።

አንዱ ግን አልሞተም፣ እሱ ደግሞ በጣም ደስ ይላል። ሲኤምኤስ ከሂግስ የሚከብዱ አዳዲስ የሂግስ ወገኖችን ሲፈልግ ቶፕ ኳርክ (ከኳርኮች ሁሉ ከባዱ) እና ፀረ ቶፕ ኳርክ አብረው በሚወጡበት ግጭት፣ ልክ ሁለቱ ለመፈጠር በሚበቃቸው ጉልበት አካባቢ፣ ከተጠበቀው የበዛ ግጭት አየ። በ2025 ይፋ አደረገው፣ ከአምስት ሲግማ በላይ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ አትላስም አየሁ አለ። አሁን አብዛኛው ባለሙያ የሚያዘነብለው ቶፖኒየም ነው ወደሚለው ነው፤ ሁለቱ ኳርኮች ከመፍረሳቸው በፊት ለቅጽበት ተያይዘው ማለት ነው። ቶፕ ኳርክ ዕድሜው በጣም አጭር ስለሆነ ጥንድ ሆኖ የመታየት ዕድል አለው ብሎ የገመተ ሰው በዚህ ማሽን ጥቂት ነበር። አዲስ መሠረታዊ ቅንጣት አይደለም፤ የምናውቃቸው ሁለቱ ናቸው። ግን ልብ በሉ፣ ሌላ ሲፈልጉ ነው ያገኙት። «ከሂግስ ወዲህ ምንም» የሚለው ወሬ ይሄን አይቆጥርም። ከኳርክ የተሠሩ ከ70 በላይ አዳዲስ ቅንጣቶችም በዚህ ማሽን ተገኝተዋል፤ አራትና አምስት ኳርክ የያዙትን ጨምሮ። እነሱንም አይቆጥርም።

ሰው ሲያጉረመርም ግን የጠበቀው ሌላ ነበር፣ እሱን መካድ አልፈልግም። የሚጠበቀው ከስታንዳርድ ሞዴል ውጭ የሆነ ነገር ነበር። ስታንዳርድ ሞዴል የምናውቃቸውን መሠረታዊ ቅንጣቶችና ኃይሎች የያዘው ንድፈ ሐሳብ ነው፤ እስካሁን የተፈተነበትን ሁሉ አልፏል ማለት ይቻላል። ጎዶሎው ግን በግልጽ ይታያል። የስበት ኃይል የለበትም። ከዓለማችን ይዘት ውስጥ እኛና ከዋክብቱ የተሠራንበት ቁስ 5 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ 27 በመቶ ገደማው ጨለማ ቁስ ነው፣ ስበቱ ይታወቃል እንጂ ምን እንደሆነ አይታወቅም። ቁስ ፀረ ቁስን በልጦ ለምን እንደተረፈም ሞዴሉ በበቂ አይመልስም። ከነዚህ በላይ ደግሞ የሂግስ ክብደት ራሱ ያስቸግራል፤ በሂሳቡ መሠረት ከሌሎች ከባድ ነገሮች ጋር ባለው ግንኙነት የተነሳ እጅግ ወደ ላይ መሳብ ነበረበት፣ ግን 125 ላይ ተቀምጧል። የሆነ ነገር ይዞታል ተባለ። ያ «የሆነ ነገር» ሱፐርሲሜትሪ ይሆናል ብሎ ብዙ ሰው ዕድሜውን ሰጠ። ሐሳቡ ለእያንዳንዱ የታወቀ ቅንጣት አንድ ከባድ አቻ ይሰጠዋል፤ ከአቻዎቹ ቀላሉ የማይፈርስ ከሆነ ደግሞ ጨለማ ቁስ ራሱ እሱ ሊሆን ይችላል። የሚያምር ሐሳብ ነው። እነዚህ አቻዎች ማሽኑ እንደተከፈተ ብዙም ሳይቆዩ ይታያሉ ያሉ ታዋቂ ሰዎች ጥቂት አልነበሩም።

አልታዩም። የግሉዎን አቻ የሆነው ግሉይኖ በብዙዎቹ ሞዴሎች ቢኖር እንኳ ከ2 ቴራ ኤሌክትሮን ቮልት በላይ መክበድ አለበት፤ ማለትም የፕሮቶንን ክብደት ከ2,000 እጥፍ በላይ። «የለም» ቁጥር አለው ያልኩት ይሄን ነው። «እስከዚህ ክብደት፣ በዚህ መንገድ የሚፈርስ፣ በ95 በመቶ እርግጠኝነት የለም»። ከዚህ በታች ቤቱን የሠራ ንድፈ ሐሳብ ሁሉ ወይ ይፈርሳል ወይ ይታረማል። ይህ ለሳይንስ ትልቅ ነገር ነው፤ በ2008 አማራጭ የነበሩ ብዙ መንገዶች ዛሬ የሉም። ወጣት ተመራማሪ በሞተ መንገድ ላይ አሥር ዓመት እንዳያጠፋ ያደርጋል።

እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ምናልባት ቅንጣቱ ተፈጥሮ፣ ዲቴክተሩ ውስጥ አልፎ፣ እኛ ጥለነው ቢሆንስ?

የፕሮቶን ጥቅሎቹ በሰከንድ 40 ሚሊዮን ጊዜ ይተላለፋሉ፤ በእያንዳንዱ መተላለፍ አሁን አሁን 60 ገደማ ግጭት ይኖራል። ይሄን ሁሉ መዝግቦ የሚያስቀምጥ ኮምፒውተር የለም። ስለዚህ ትሪገር የሚባል ሥርዓት አለ። መጀመሪያ ኤሌክትሮኒክሱ ራሱ በጥቂት ሚሊዮንኛ ሰከንድ ውስጥ ይወስናል፤ ከ40 ሚሊዮኑ 100,000 ያህሉ ያልፋሉ። እነሱን በሺዎች የሚቆጠሩ ፕሮሰሰሮች እንደገና አጣርተው ጥቂት ሺህ ያስቀራሉ። ቀሪው ለዘላለም ጠፋ። ተመልሶ አይመጣም። ታዲያ የሚቀረው የትኛው ነው? ሰዎች አስቀድመው «ሊሆን የሚችለው እንደዚህ ነው» ብለው የጻፉት። ጉልበተኛ ሙዮን፣ ጉልበተኛ ፎቶን፣ ወይም የጎደለ ጉልበት። የመጨረሻው ብልህ ዘዴ ነው፦ ከግጭቱ በፊት ወደ ጎን የሚሄድ እንቅስቃሴ ስለሌለ ከግጭቱ በኋላም ወደ ጎን የሚሄደው ሁሉ ተደምሮ ዜሮ መምጣት አለበት። ወደ አንድ ጎን ብቻ ካጋደለ የማይታይ ነገር በሌላው በኩል አምልጧል ማለት ነው። ዲቴክተሩ ላይ አሻራ ሳይተው የሚያልፈው ኒውትሪኖ የተባለ ቅንጣት ሊሆን ይችላል። ጨለማ ቁስም ሊሆን ይችላል።

ግን አዲሱ ነገር ጉልበተኛ ባይሆንስ? ወይም እንደጠበቅነው ወዲያው ሳይፈርስ ሜትሮች ተጉዞ ዲቴክተሩ መሃል ላይ ቢፈርስ? የቀድሞው ትሪገር እንደዚያ ያለውን እንደ ጩኸት ቆጥሮ ሊጥለው ይችል ነበር። ለዚህ ነው አሁን ያለው አቅጣጫ ከጉብታ ፍለጋው ይበልጥ የሚያጓጓኝ። ዘግይተው የሚፈርሱ ቅንጣቶችን የሚይዙ አዳዲስ ትሪገሮች ገብተዋል። ሙሉ መረጃውን ትተው አጭር ማጠቃለያ ብቻ በመያዝ ብዙ እጥፍ ግጭት የሚያስቀምጡበት ዘዴም አለ። ሲኤምኤስ ደግሞ ትሪገሩ ውስጥ ሰው ሠራሽ አስተውሎት አስገብቷል፤ ሥራው የተለመደውን ግጭት መማርና ያልተለመደ ሲመጣ፣ ምን እንደሆነ ማንም ሳይነግረው፣ ያዙት ማለት ነው። ይህ እውነተኛ ለውጥ ነው። እስከዛሬ ትሪገሩ የሚያስቀርልን የጠረጠርነውን የሚመስለውን ብቻ ነበር።

ከእረፍቱ በኋላ ማሽኑ በ2030 ገደማ እንደገና ሲነሳ የግጭቱ ብዛት በጣም ይጨምራል፤ ዕቅዱ እስከ መጨረሻው ድረስ ማሽኑ መጀመሪያ ሲነደፍ ከታሰበው ወደ አሥር እጥፍ የሚሆን መረጃ መሰብሰብ ነው። ጉልበቱ ብዙም አይጨምርም። ስለዚህ ከዚያ የምጠብቀው አዲስ ከባድ ቅንጣት ድንገት ብቅ ይላል ብዬ አይደለም። የምጠብቀው ሂግስ ጥንድ ሆኖ ሲወጣ ማየት ነው። ሂግስ ከራሱ ጋር እንዴት እንደሚገናኝ በቀጥታ የሚታወቀው በዚያ ነው፣ ይህ ደግሞ ዓለም ገና ስትጀምር የሂግስ መስክ እንዴት እንደረጋ የሚነካ ጥያቄ ነው። እስካሁን ማንም በቅጡ አልለካውም። ከዚያ ወዲያ ሰርን 91 ኪሎ ሜትር ገደማ ዙሪያ ያለው አዲስ ማሽን ለመሥራት ያስባል፤ የመጀመሪያው ምዕራፍ ብቻ 15 ቢሊዮን የስዊዝ ፍራንክ ገደማ ይፈልጋል ተብሎ ተገምቷል። ይህን ገንዘብ አውሮፓ ማውጣት አለበት ወይ የሚለው ክርክር የፊዚክስ ሰዎችን ራሳቸውን ከፋፍሏል፣ ክርክሩም ተገቢ ነው።

እዚህ ጋ «እኛን ምን አገባን?» የሚለው ይመጣል። አራት ኪሎ ላይ የሰማሁትን ያህል ሌላ ቦታ አልሰማሁትም። የተለመደው መልስ ዌብ የተፈጠረው ሰርን ነው የሚለው ነው። እውነት ነው፣ ግን ጥያቄውን ይሸሻል። የተሻለው መልስ አብዱስ ሰላም ነው። ፓኪስታናዊ ነበር። የደካማውን የኑክሌር ኃይልና የኤሌክትሮማግኔትን አንድነት ከሌሎች ሁለት ሰዎች ጋር አሳይቶ በ1979 ኖቤል ወሰደ፤ ንድፈ ሐሳቡ የተነበያቸው ደብልዩ እና ዜድ ቦዞኖች በ1983 እዚያው ሰርን ተገኙ። በ1964 ጣሊያን ትሪየስት ላይ የከፈተውን የፊዚክስ ማዕከል እንደኛ ላሉ አገሮች ተመራማሪዎች አስቦ ነው የመሠረተው፣ ከአራት ኪሎም ብዙ ሰው በዚያ በር አልፏል። ድሃ አገር ተወልዶ በዚህ ጥያቄ ላይ የዓለምን ሐሳብ መቀየር እንደሚቻል ከሱ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም።

ኢትዮጵያ የሰርን አባል አይደለችም። ደቡብ አፍሪካና ሞሮኮ አትላስ ውስጥ፣ ግብፅ ሲኤምኤስ ውስጥ አሉ። እኛ እስክንገባ ግን መጠበቅ የለብንም፣ ምክንያቱም መረጃው ክፍት ነው። ሲኤምኤስ ከ2014 ጀምሮ መረጃውን ለሕዝብ እየለቀቀ ነው። አትላስ በ2024 65 ቴራባይት ለቀቀ፤ ከ7 ቢሊዮን በላይ የተመዘገቡ ግጭቶች። ይህን ሁሉ በኛ ኢንተርኔት ማውረድ አይታሰብም። ግን አያስፈልግም። ሲኤምኤስ ለትምህርት ያዘጋጃቸው ትንንሽ ፋይሎች አሉ፣ በስልክ ዳታ የሚወርዱ፣ ሁለት ሁለት ሙዮን የወጣባቸው 100,000 ግጭቶች የያዙ። ካምፓስ ውስጥ አንድ ተማሪ በተራ ላፕቶፕ ላይ ሲሠራው አጠገቡ ተቀምጬ አይቻለሁ። ፓይተን በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ የተጻፈ ጥቂት መስመር ነው። ከሁለቱ ሙዮኖች የወላጃቸውን ክብደት ያወጣል፣ ግራፉን ይስላል። 3.1 ጊጋ ላይ ቀጥ ያለ ጉብታ፤ በ1974 የተገኘው ጄ ሳይ የሚባለው ቅንጣት። 9.5 አካባቢ ሌላ፤ በ1977 የተገኘው ኡፕሲሎን። ከዚያ ወደ ቀኝ 91 ላይ ሰፊው ተራራ፤ የአብዱስ ሰላም ዜድ ቦዞን። ልጁ «ቆይ ቆይ፣ መካከል ላይ ይሄስ ምንድን ነው?» ብሎ አንድ ትንሽ ከፍታ ላይ ጣቱን አሳረፈ። ሲግማውን አሰላ፤ ሁለት እንኳ አልሞላም።

ፊዚክስ ትምህርት ክፍሎቻችን ይሄን የሦስተኛ ዓመት የላብ ሥራ ቢያደርጉት የሚያስፈልገው ኮምፒውተር፣ መብራትና አንድ ፈቃደኛ መምህር ነው። አዲስ መሣሪያ አይገዛም፣ የውጭ ምንዛሪ አይጠየቅም። ማሽኑ በሚቆምባቸው ዓመታት እዚያ ያሉት በሺዎች የሚቆጠሩ ተመራማሪዎችም የሚሠሩት ይሄንኑ ነው፤ የተሰበሰበውን መረጃ እንደገና መቆፈር። በ2026 ትምህርት የጀመረ ተማሪ ማሽኑ እንደገና ሲነሳ ሁለተኛ ዲግሪውን ሊጀምር ነው ማለት ነው።